ደጅ ጥናት በመዝገብ ይሁን

ደብረ ማርቆስ ላይ ዱቄት ፋብሪካ ለመትከል የሚፈልግ አንድ ባለሀብት መሬት በምደባ፣ ማለትም ያለ ጨረታ፣ ይሰጠኝ ብሎ አመለከተ እንበል። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ይገባል፣ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፣ ወደ ኃላፊው ይወጣል። ኃላፊው ራስጌው ላይ ጽፎ ለባለሙያ ይመራዋል። ባለሙያው ቦታውን ከከተማው ፕላን ጋር ያመሳክራል፣ ቴክኒክ ኮሚቴ ይቀመጥበታል፣ የውሳኔ ሐሳብ ይዘጋጃል፣ በመጨረሻ ካቢኔ ይወስንና ቃለ ጉባኤ ይያዛል። እያንዳንዱ እርምጃ ወረቀት አለው። ወረቀት የሌለው በኮሚቴውና በካቢኔው መካከል ባሉት ሳምንታት የሚሆነው ነገር ነው፤ ማን ለማን እንደደወለ፣ የትኛው ትልቅ ሰው ስለማን ብሎ ቢሮ ገብቶ እንደወጣ የሚነግረን ሰነድ የለም።

አንዳንዴ ፍንጩ ይቀራል። በማመልከቻው ራስጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በልዩ ሁኔታ ታይቶ ይስተናገድ» የምትል መስመር ካገኛችሁ፣ ከመስመሯ ጀርባ አንድ ንግግር አለ። መስመሯ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ንግግሩ ግን የትም የለም። ሎቢ፣ ማለትም ውሳኔ በእጁ ያለን ባለሥልጣን ማግባባት፣ በሕግ ይመዝገብ ስል የምፈልገው ይህ ንግግር እንዲጻፍ ነው እንጂ ሰው ባለሥልጣን እንዳያነጋግር መከልከል አይደለም።

መከልከልማ አይቻልም፤ ተገቢም አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት፣ አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰቡን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ የመስጠትን መብት ያስቀምጣሉ። ጎጃም ለዚህ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬው ወደ ጦር መሣሪያ ከመሄዱ በፊት ሽማግሌ መርጦ ልኳል፣ እስከ አዲስ አበባ ድረስ አቤት ብሏል። ያ ሎቢ ነበር፤ በአደባባይ የተደረገ፣ ላኪውም ጥያቄውም የታወቀ። ሰሚ ሲያጣ ምን እንደተከተለ የጎጃም ሰው ያውቀዋል።

ሙስና ደግሞ ሌላ ነው፤ ሕጉም አለው። ጉቦ ብቻ ሳይሆን በግል ተሰሚነት መነገድም፣ ማለትም «እኔ እሱን አውቀዋለሁ፣ አስጨርስልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ መቀበልም፣ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ያስቀጣል። ስጦታና የጥቅም ግጭት በሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተነክተዋል። ሁለቱም የሚሠሩት ገንዘብ ወይም ጥቅም ሲገኝ ነው። አብዛኛው ማግባባት ግን ብር አይነካም። አብሮ አደግነት፣ ጋብቻ፣ የቀድሞ አለቅነት፣ ውለታ ይበቃዋል። ወንጀል ስላልሆነ ማንም አይመረምረው፤ ስላልተመዘገበ ማንም አያውቀው። ውሳኔውን የሚያጣምመው ግን አንዳንዴ ከጉቦው በላይ ነው።

ታዲያ ማንን እንመዝግብ?

ብዙ አገር የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ድርጊቱን ትቶ ሰውየውን ለመተርጎም ስለሚሞክር። የአሜሪካ የ1995 (እ.ኤ.አ.) ሕግ አንድን ሰው ሎቢስት የሚለው ከአንድ በላይ ግንኙነት አድርጎ፣ በሦስት ወር ውስጥ ለዚያ ደንበኛ ከሚሠራበት ጊዜ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ለዚሁ ሥራ ሲያውል ነው። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ 19 በመቶ ላይ የሚቆም «አማካሪ» አይመዘገብም፣ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አንድ ስልክ የሚበቃው ሰው 20 በመቶ ለምን ይፈጃል? የእንግሊዝ የ2014 (እ.ኤ.አ.) ሕግ በበኩሉ ለሌላ ደንበኛ በክፍያ የሚሠሩትን አግባቢዎች ብቻ፣ ያውም ሚኒስትሮችንና ዋና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ሲያነጋግሩ ብቻ ያስመዘግባል። የኩባንያው የራሱ ተቀጣሪ ሚኒስትር ቢሮ ገብቶ ቢወጣ ከመዝገቡ ውጭ ነው።

እነዚህን ትርጉሞች አምጥተን ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ብንዘረጋቸው አንድም ሰው አይያዝባቸውም። እዚህ የሚያግባባው ሰው ደመወዝ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ሥራዬም አይለው። ጡረታ የወጣ ኃላፊ ነው፣ የአገር ሽማግሌ ነው፣ የወረዳው ተወላጆች ማኅበር ኮሚቴ ነው፣ አንዳንዴም ከክልል የሚደውል ሌላ ባለሥልጣን ነው። ጉዳይ አስፈጻሚ ተብሎ የሚታወቀው ሰው እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ፎርም ሞልቶ ወረፋ የሚይዝ ነው፤ እሱን ማስመዝገብ የተሳሳተውን በር መጠበቅ ነው።

ለእኛ የሚቀርቡት ሁለት ሕጎች ናቸው። አንዱ የአየርላንድ ነው፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ዋለ። በጠቅላላው ከ10 በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ፣ ቢያንስ አንድ ተቀጣሪ ያለው የጥቅም ወካይ ማኅበር፣ እንዲሁም በክፍያ ለሌላ የሚያግባባ ይመዘገባል። ስለ መሬት ልማትና ስለ ቦታ አጠቃቀም ለውጥ የሚያግባባ ግን ሠራተኛ ኖረው አልኖረው፣ ማንም ይሁን ማን፣ መመዝገብ አለበት፤ ከዚህ የሚወጣው ስለ ራሱ መኖሪያ ቤት የሚናገር ነው። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ጭቃው የት እንዳለ አውቀዋል። ሁለተኛው የቺሊ የ2014 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ቁጥር 20.730 ነው። እሱ ሸክሙን ከባለጉዳዩ አንሥቶ በባለሥልጣኑ ትከሻ ላይ ያደርገዋል። ከሚኒስትር እስከ ከንቲባ ያለ ባለሥልጣን ሁሉ ያነጋገረውን ሰው፣ የተጓዘውን ጉዞ፣ የተቀበለውን ስጦታ መዝግቦ ለሕዝብ ያወጣል። ያነጋገረው ሰው ተከፍሎት ይሁን በነጻ ይጠየቃል፤ ባይከፈለውም ይመዘገባል።

የቺሊው ሕግ አንድ ተጨማሪ ነገር አለው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነው። ባለሥልጣኑ በአንድ ጉዳይ ላይ ለአንዱ ወገን በሩን ከከፈተ፣ በዚያው ጉዳይ ላይ ቀጠሮ የጠየቁትን ሌሎችንም በእኩል ማስተናገድ አለበት። የቦታውን ፈላጊ ሰምቶ የቦታውን ባለይዞታ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ማለት የለም።

የሁለቱን ጥሩ ጥሩ ወስደን ለዞንና ለከተማ አስተዳደር ብናስተካክለው፣ ትርጉሙ በእኔ እይታ እንዲህ ቢሆን ይሠራል፦ በመታየት ላይ ያለን ወይም ሊታይ የተቃረበን የመንግሥት ውሳኔ ለማስወሰን፣ ለመለወጥ፣ ለማዘግየት ወይም ለማስቀረት፣ ከመደበኛው የማመልከቻ መስመር ውጭ፣ በጉዳዩ ላይ ሥልጣን ወይም ድምፅ ካለው ሰው ጋር፣ በአካል፣ በስልክ፣ በመልእክት ወይም በሌላ ሰው በኩል የሚደረግ ግንኙነት፤ ቢከፈልበትም ባይከፈልበትም።

«ለማዘግየት» የምትለዋ እንዳትወጣ። ማግባባት ሲባል ሁሉም የሚያስበው ማስፈጸምን ነው። ወረዳና ከተማ ላይ ግን ትልቁ ጥበብ ማስቆም ነው። ሁለት አመልካቾች ለአንድ ቦታ ሲሻሙ፣ አንደኛው የራሱን ፋይል ከማስኬድ ይልቅ የሌላውን ፋይል ማስተኛት ይቀለዋል። አንድ ባለሙያ «የመስክ ምልከታ ይቀረዋል» ካለ ፋይሉ ክረምቱን መሳቢያ ውስጥ ያሳልፋል፤ በሐምሌ ጭቃ ማን ወጥቶ ይለካል? ለማስወሰን የሚደረገውን ብቻ የሚመዘግብ ሕግ ይህን ግማሹን ሥራ አያየውም።

«ከመደበኛው የማመልከቻ መስመር ውጭ» የምትለዋ ሐረግ ደግሞ ተራውን ሰው የምታድን ናት። በመዝገብ ቤት የገባ ማመልከቻ ራሱ መዝገብ ስለሆነ ሁለተኛ መዝገብ አያስፈልገውም። የጨረታ ሰነድ ላይ በጽሑፍ የሚቀርብ ማብራሪያ፣ የፍርድ ቤት ክርክር፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ የሕዝብ ስብሰባ ላይ የሚሰነዘር ሐሳብ፣ ጋዜጠኛ ለዘገባ የሚጠይቀው፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ጠይቆ የሚሰጠው የባለሙያ መልስ ሁሉ ከዚህ ውጭ ናቸው። ገበሬው የራሱ የይዞታ ደብተር ለምን እንደዘገየ ሊጠይቅ ኃላፊ ቢያነጋግር፣ አንዲት እናት ስለ ልጇ የትምህርት ማስረጃ ብትገባ፣ ይህም ማግባባት አይደለም። የራስ ጉዳይን መከታተል ሎቢ ከተባለ መዝገቡ በአንድ ሳምንት ይሞላል፣ በሁለተኛው ሳምንት ማንም አይጽፍበትም። ሕጉን መግደል የሚፈልግ ሰው ካለ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሁሉም ነገር ይመዝገብ ብሎ ይጮኻል።

የልማት ማኅበር ኮሚቴዎችስ? ለመንገድ፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለውኃ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የሚመላለሱት በትርጉሙ ውስጥ ይገባሉ፤ ቢገቡም የሚጎዱት የለም። ጥያቄያቸው የሚታይ ነው፣ መዝገብ ላይ መውጣቱም ይጠቅማቸዋል። በነገራችን ላይ ብዙዎቹ ሰኔ ላይ ነው የሚንቀሳቀሱት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ በጀቱ ሰኔ ላይ ይጸድቃል፣ የመሥሪያ ቤቶች ጥያቄ ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ተጠናቋል። ሰኔ ላይ የሚመጣ ሽማግሌ ሻይ ጠጥቶ ይሸኛል። የሲቪል ማኅበራት በበኩላቸው በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 መሠረት ሕግና ፖሊሲ እንዲወጣ ወይም እንዲሻሻል ሐሳብ ማቅረብ ይችላሉ፤ የተመዘገበ ግንኙነት ለእነሱ ከመከላከያም በላይ ማስረጃ ነው።

መዝገቡን ማን ይያዝ ለሚለው መልሴ ባለሥልጣኑ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባለጉዳዮች ብዙ ናቸው፣ ይለዋወጣሉ፣ ሕጉን አያውቁም። ወሳኞቹ ግን በአንድ ከተማ ጥቂት ናቸው፤ ከንቲባው፣ ምክትሉ፣ የካቢኔ አባላት፣ የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የቴክኒክ ኮሚቴ አባላት፣ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤና የቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች። እነዚህን ማሠልጠንም መቆጣጠርም ይቻላል። የቴክኒክ ኮሚቴውን ባለሙያ አትርሱት። ሥልጣኑ ትንሽ ትመስላለች፤ ካቢኔው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ የጻፈውን ነው የሚያጸድቀው። አግባቢውም ይህን ስለሚያውቅ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ዘንድ ነው።

አንድ ምዝገባ ምን ይመስላል? ገጽ ሙሉ ሐተታ አያስፈልግም። ለናሙና ይህን እዩ፦

«ቀን ግንቦት 12፣ ከቀኑ 9፡30። ቦታ፦ ለቅሶ ቤት። ያነጋገረኝ፦ የቀድሞ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ። ስለማን፦ የዱቄት ፋብሪካ ቦታ የጠየቀው አመልካች፣ የፋይል ቁጥር (እዚህ ይጻፋል)። የጠየቀኝ፦ የታሰበው ቦታ ጎርፍ ስለሚያጠቃው በሌላ እንዲቀየር። የሰጠኝ ሰነድ፦ የለም። ይከፈልህ እንደሆነ ብዬ ጠይቄው የለም ብሏል። ያልሁት፦ ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ።»

በቃ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከሁሉም ወሳኙ የፋይል ቁጥሩ ነው። የፋይል ቁጥር የሌለው መዝገብ የእንግዳ መጽሐፍ ነው፤ «ለሥራ ጉዳይ»፣ «ለውይይት»፣ «ለትውውቅ» የሚሉ መስመሮች ይሞሉበታል። ቁጥሩ ካለ ግን ካቢኔው ፊት ፋይሉ ሲቀርብ የግንኙነቶቹ ዝርዝር አባሪ ሆኖ አብሮ ይቀርባል። ያን ጊዜ ሁሉም አባላት ስለ አንድ አመልካች ምን ያህል ሰው እንደተመላለሰ እኩል ያያሉ፤ ዛሬ ይህን የሚያውቀው የተደወለለት ብቻ ነው።

ለቅሶ ቤቱን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። የስኮትላንድ የ2016 (እ.ኤ.አ.) ሕግ የሚመለከተው ፊት ለፊት የሚደረግን ግንኙነት ነው፤ በቪዲዮ ፊት ለፊት መተያየትን ይጨምራል፣ ተራ የስልክ ንግግርን ግን አይጨምርም። እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ክፍተት ብንተው ጠቅላላው ሥራ ወደ ስልክ ይዛወራል። ቦታን መሠረት ያደረገ ሕግም እንደዚያው ነው። ሠርግ፣ ተዝካር፣ የሰንበቴ ማኅበር፣ ክርስትና ላይ ሰው ከሰው ይገናኛል፤ ያንን ሁሉ መዝግብ ማለት ኑሮን መዝግብ ማለት ነው። መለኪያው የተነሣው ነገር ይሁን። ስለ አዝመራው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው ሲያወሩ ምንም የለም። ወሬው በእጁ ወዳለ ፋይል ሲዞር ግን ባለሥልጣኑ ቢቻል በሚቀጥለው የሥራ ቀን ይጽፈዋል። ቢዘገይም እኔ ከሦስት የሥራ ቀን በላይ አልሰጠውም፤ ሳምንት ከተሰጠው የሚጽፈው የሚያስታውሰውን ሳይሆን የሚበጀውን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ቋጠሮ። ባለሥልጣን ባለሥልጣንን ሲያግባባስ? በአየርላንድ ሕግ በባለሥልጣናት መካከል በሥራቸው የሚደረግ ግንኙነት አይመዘገብም፤ እዚያ ይሆናል። እዚህ ግን «ከላይ ተደውሎ ነው» የምትለዋ አነጋገር ብዙ ፋይል አስወስናለች። ሁሉንም እንመዝግብ ካልን ደግሞ ሥራ ይቆማል፤ የዞኑ ግብርና መምሪያ ስለ ወረዳዎች የማዳበሪያ ድርሻ በቀን አሥር ጊዜ ከክልል ጋር ይነጋገራል፣ ያ የመንግሥት ሥራ ነው። መስመሩን እኔ እዚህ ላይ አሰምረዋለሁ፦ ንግግሩ ስለ ኮታ፣ ስለ ዕቅድ፣ ስለ ሪፖርት ከሆነ አይመዘገብ፤ በስም ስለሚታወቅ አንድ ግለሰብ፣ ድርጅት ወይም ማኅበር ከሆነ ግን ደዋዩ የትኛውም ወንበር ላይ ቢቀመጥ ይመዝገብ። የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ኃላፊም እንደዚሁ። ጉዳይ ካቢኔ ሳይደርስ ፓርቲ ውስጥ አልቆ የሚመጣ ከሆነ፣ ካቢኔውን ብቻ የሚቆጣጠር ሕግ ባዶ ቤት ይጠብቃል።

ይህ አንቀጽ ከሁሉ ቀድሞ እንደሚሰረዝ አውቃለሁ። ቢያንስ ሲሰረዝ ማን እንዳሰረዘው ይመዝገብ።

የሚበላሽባቸውን ሌሎች ቦታዎች በአጭሩ ላንሣ። ጸሐፊዋ ወይም ሾፌሩ «መልእክት ብቻ ነው ያደረስሁት» የሚሉበት መንገድ አለ፤ በእነሱ በኩል ለባለሥልጣኑ የደረሰ ነገር እሱን እንዳነጋገረ ይቆጠር ከተባለ ይዘጋል። «በግሌ ነው የመጣሁት» የሚል የማኅበር ሊቀ መንበርም አለ፤ የማኅበሩ ጉዳይ እስከተነሣ ድረስ በግል መምጣት የለም። መዝገቡ በኮምፒውተር ብቻ ይሁን ማለትም ችግር ነው፤ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ሰበብ ይሆናል። ገጹ ቁጥር የታተመበት፣ እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ቅጂ ያለው ጥራዝ፣ አንዱ ቅጂ በየወሩ ወደ ምክር ቤቱ የሚሄድ ቢሆን ገጽ መገንጠልም ኋላ መሙላትም ይከብዳል። የየወሩ ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የጥቆማ አቅራቢ ስም፣ የጤና ጉዳይና የንግድ ምስጢር ተሸፍኖ።

ቅጣቱ ከመጠን በላይ ከከበደ ማንም አይቀጣበትም። አየርላንድ ዘግይቶ ለሚያቀርብ 200 ዩሮ ታስከፍላለች፤ ትንሽ ነው፣ ግን ያለ ክርክር ይከፈላል። እኛም ለዘገየ ምዝገባ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ለተደጋገመው የደመወዝ ቅጣት፣ ለተደበቀው ደግሞ ከዚያ ጉዳይ ድምፅ መነሣት ብናደርግ ይበቃል። ውሳኔውን ወዲያው ውድቅ ማድረግ ፍትሐዊ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ አልስማማም። አመልካቹ ሳያውቅ አንድ ጠላቱ ሆን ብሎ «ስለ እሱ» ደውሎ ሊያበላሽበት ይችላል። ይልቅ ጉዳዩ ያንን ባለሥልጣን ሳይጨምር እንደገና ይታይ። ከሥልጣን የወረዱትም ከማግባባት የሚታቀቡበት የዕረፍት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል፤ አየርላንድ አንድ ዓመት፣ ካናዳ ለከፍተኛ ሹማምንቷ አምስት ዓመት ትላለች። ለከተማ ደረጃ አንድ ዓመት፣ ያውም በራሱ የቀድሞ መሥሪያ ቤት ላይ ብቻ፣ በቂ ይመስለኛል፤ በትንሽ ከተማ አምስት ዓመት ማለት ሰውየውን ከኑሮ ማገድ ነው።

አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። አንድ የከተማ አስተዳደር በውስጥ መመሪያ ሊጀምር ይችላል፤ የሚያዘው የራሱን ሹማምንት ብቻ ስለሆነ ዜጋው ላይ የሚጥለው ግዴታ የለም። ሁሉንም ዘርፍ በአንዴ ከመንካት በመሬት ምደባ ብቻ ይጀመር። በሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 መሠረት የከተማ ቦታ የሚሰጠው በጨረታ ወይም በምደባ ነው፤ ጨረታው ቢያንስ ዋጋ አለው፣ ምደባው ግን የሰው ውሳኔ ነው።

ዜጋውም ዛሬ በእጁ ያለ መሣሪያ አለ። የመረጃ ነጻነትን የሚመለከተው የአዋጅ ቁጥር 590/2000 ክፍል በጽሑፍ መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይስጠው ይላል፤ ከተከለከለ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። ስትጠይቁ ግን «የካቢኔውን ቃለ ጉባኤ ስጡኝ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ አዋጁ የካቢኔ ሰነዶችን ከሚከለከሉት መካከል ስለሚያስቀምጥ መልሱ በአንድ መስመር ያልቃል። የቴክኒክ ኮሚቴውን የውሳኔ ሐሳብ፣ ማመልከቻው ራስጌ ላይ የተመራበትን ገጽ ቅጂ፣ ፋይሉ ከክፍል ክፍል የተዘዋወረባቸውን ቀኖችና በዚያ ዙር የቀረቡትን አመልካቾች ብዛት ጠይቁ። የመዝገብ ቤቱ የገቢና ወጪ መዝገብ ቀኖቹን ይዟል፤ ሁለት ፋይሎች በአንድ ቀን ገብተው አንዱ በአሥራ አምስት ቀን፣ ሌላው በስምንት ወር ከወጣ፣ ጥያቄያችሁን ከዚያ ልዩነት ጀምሩ።